የአይጥ ፀጉር ቀለምና የነርቭ ሴል መመናመን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ፣ ሕክምና፣ ፋርማሲ ወይም የእንስሳት ጤና የምትማሩ፣ በቤተ ሙከራም የምትሠሩ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ደጋግማችሁ የምታነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። አይጥ ስንል ትንሿን የቤት አይጥ ማለታችን ነው። ትልቁን የላቦራቶሪ አይጥ የሚመለከት ነገር ሲመጣ ለይተን እንጽፋለን።

ፀጉርና አንጎል ምን አገናኛቸው?

ቀለም የሚሠራው ሜላኖሳይት የተባለው ሴል መነሻው ቆዳ አይደለም። በፅንሱ ጀርባ የነርቭ ቱቦ ሲዘጋ ከቱቦው ጠርዝ ተነቅለው ወደየአካሉ ከሚሰደዱ ሴሎች ይወለዳል። ከነዚሁ ስደተኛ ሴሎች ከአከርካሪ ጎን የሚገኙት የስሜት ነርቭ ሴሎችም ይወጣሉ። ስለዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ከዝምድናው የሚበልጠው ግን የሥራቸው መመሳሰል ነው። ሜላኖሳይት ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚያመርተው ሜላኖሶም በሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ይህ ከረጢት ደግሞ ሴሉ ቆሻሻውን የሚፈጭበት የላይሶዞም የቅርብ ዘመድ ነው። ሜላኖሳይት ከረጢቶቹን በረጃጅም ክንዶቹ ጫፍ ድረስ አጓጉዞ ለፀጉሩ ሴሎች ያስረክባል። የነርቭ ሴልም ጭነቱን በረዥም ቅርንጫፍ ያመላልሳል፣ ቆሻሻውንም በላይሶዞም ያስወግዳል። አጓጓዡ ወይም ፈጪው ሲበላሽ ጉድለቱ ፀጉር ላይ ገና በሁለተኛው ሳምንት በዓይን ይታያል። አንጎል ውስጥ ግን ለመታየት ወራት ሊወስድ ይችላል። ተመራማሪዎች የፀጉር ቀለምን አጥብቀው የያዙት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይያዝልን፦ ቀለሙ አንጎልን አይጎዳም። አንድ ጂን ሁለት ቦታ ስለሚሠራ፣ ሲበላሽ ሁለቱም ቦታ ይጎዳል። አብዛኞቹ የቀለም ጂኖች ደግሞ ቢበላሹም አንጎልን አይነኩም።

ተራው የቤት አይጥ ቀለሙ ምንድን ነው? ቢጫውና ጥቁሩስ እንዴት ይመጣሉ?

በወጥመድ ከተያዘ የጎተራ አይጥ ጀርባ ላይ (ጓንት አድርጋችሁ) አንድ ፀጉር በመቆንጠጫ ንቀሉና ነጭ ወረቀት ላይ አጋድሙት። በማጉያ መነጽር ስታዩት ጫፉ ጥቁር ነው፤ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጠባብ ቢጫ ቀለበት አለ፤ ከዚያ እስከ ሥሩ ጥቁር ግራጫ ነው። ከሩቅ አይጡ ቡላ የሚመስለው እነዚህ ቀለበቶች ተደራርበው ስለሚታዩ ነው። ይህ ቀለም አጉቲ ይባላል።

ቀለበቱን የሚሠራው በፀጉሩ ሥር ያሉ ሴሎች የሚያመነጩት አጉቲ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሜላኖሳይቱ ላይ ኤምሲ1አር የተባለ ተቀባይ አለ። ተቀባዩ ሲነቃ ሴሉ ጥቁሩን ሜላኒን ይሠራል፤ አጉቲ ሲያፍነው ወደ ቢጫው ይዞራል። አይጡ በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ አጉቲ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይመነጭና ይቆማል። ያ አጭር ጊዜ ነው ቢጫውን ቀለበት የሚተወው።

አጉቲ ጨርሶ ካልተመረተ አይጡ ጥቁር ይሆናል። በየቤተ ሙከራው የታወቀው ሲ57ቢኤል/6 የተባለው ዝርያ ጥቁር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው አጉቲ ያለማቋረጥ በመላ አካሉ ሲመረት አይጡ ቢጫ ይሆናል፤ አንጎል ውስጥ የረሃብን ስሜት የሚቆጣጠረውን ተመሳሳይ ተቀባይ ስለሚያፍንም ከልክ በላይ ይወፍራል። ፈረንሳዊው ሉሲየን ኬኖ በ1905 እንዳስተዋለው፣ ሁለት ቢጫ አይጦች ሲዳቀሉ የሚጠበቀው የቢጫና ቢጫ ያልሆነ ግልገል ድርሻ፣ 3 ለ 1፣ አይመጣም፤ 2 ለ 1 ነው የሚገኘው። ከእናትና ከአባት የወረሷቸው ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች ቢጫ የሆኑባቸው ፅንሶች ገና በማኅፀን ይሞታሉ።

ማሆጋኒና ማሆጋኖይድ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

የጉዳዩ እምብርት እነዚህ ናቸው። ማሆጋኒ በ1960 የተዘገበ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ነው፤ ስሙ የተወሰደው ከጥቁር ቀይ እንጨት ቀለም ነው። አጉቲ መሆን የሚገባው አይጥ ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽበት ይጠቁራል፤ ቢጫው ቀለበት ይጠፋል ወይም በጣም ይሳሳል። ማሆጋኖይድ ተመሳሳይ ቀለም ያመጣል፤ ጂኑ ግን ሌላ ክሮሞሶም ላይ ነው። የመጀመሪያው ክሮሞሶም 2፣ ሁለተኛው ክሮሞሶም 16 ላይ ይገኛሉ።

በ1999 የማሆጋኒ ጂን አትራክቲን የተባለ ትልቅ የሴል ሽፋን ፕሮቲን እንደሚሠራ ታወቀ። አትራክቲን አጉቲን በመያዝ ወደ ተቀባዩ እንዲደርስ ያግዛል። አትራክቲን ሲጠፋ አጉቲ ቢኖርም ሥራው አይሳካለትም። ያልተጠበቀው ነገር አንጎላቸው ላይ ተገኘ፦ አትራክቲን የሌላቸው አይጦች ይንቀጠቀጣሉ፣ የነርቭ ክሮቻቸው የሚለብሱት ማይሊን ይሳሳል፣ አንጎላቸው ውስጥም ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ዚተር የተባለው ተንቀጥቃጭ የትልቁ አይጥ ዝርያ ችግሩ በዚሁ ጂን እንደሆነ በኋላ ተደርሶበታል።

የማሆጋኖይድ ጂን ኤምጂአርኤን1 ይባላል፤ ፕሮቲኑ ማሆጉኒን ይባላል። ሥራው በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ዩቢኪቲን የተባለ መለያ መለጠፍ ነው። መለያው የተለጠፈበት ፕሮቲን የት እንደሚሄድ ይወሰናል። ከሚለጠፍባቸው አንዱ ቲኤስጂ101 ነው፤ እሱም ጭነትን ወደ ላይሶዞም የሚመራ ማሽን አካል ነው። ቀለም ላይ ግን ማሆጉኒን ሌላም መንገድ አለው፦ ከኤምሲ1አር ጋር በመጣበቅ የተቀባዩን መልእክት ያዳክማል። ማሆጉኒን ሲጠፋ ተቀባዩ ስለሚበረታ አይጡ ይጠቁራል።

ማሆጉኒን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች በ2003 በተደረገ ምርመራ አንጎላቸው እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ ተገኘ። ጉድጓዶቹ በአንጎል ቅርፊት፣ በሂፖካምፐስ፣ በታላመስና በአንጎል ግንድ ይታያሉ። ዕድሜ ሲጨምር እየበዙ ሄደው በ1 ዓመት ገደማ ማንም ሊስታቸው አይችልም። ጉድጓዶቹ ከመታየታቸው በፊት ሚቶኮንድሪያ መዳከሙም ተመዝግቧል። ሌላው ለአርቢ ወሳኝ ነጥብ፦ ከነዚህ አይጦች ግማሽ ያህሉ ጡት ሳይጥሉ ይሞታሉ። ምክንያቱ አንጎል አይደለም፤ በፅንስነት የግራና ቀኝ አቀማመጥ ተዛብቶ ልባቸው በትክክል ስለማይሠራ ነው።

ጉድጓዶቹ የፕሪዮን በሽታ ይመስላሉ። ተላላፊ ነው?

አይደለም። የፕሪዮን በሽታ ቅርጹ በተዛባ ፕሮቲን የሚተላለፍ፣ አንጎልን የሚቦረቡር በሽታ ነው። በአጉሊ መነጽር ቢመሳሰሉም ማሆጋኖይድ አይጥ አንጎል ውስጥ በፕሪዮን በሽታ የሚከማቸው የማይፈጭ ፕሮቲን አልተገኘም። በ2009 የወጣ ጥናት አንዳንድ የተሳሳተ አቀማመጥ ያላቸው የፕሪዮን ፕሮቲን ዓይነቶች ማሆጉኒንን ጠልፈው እንደሚይዙ አሳይቶ ትልቅ ተስፋ ፈጥሮ ነበር። ይሁን እንጂ በ2013 የማሆጉኒን መጠን የተለያየባቸው አይጦች በፕሪዮን ሲበከሉ የበሽታው አካሄድ ላይ ልዩነት አልታየም። በእኛ እይታ ሁለቱ በሽታዎች መጨረሻቸው ቢመሳሰልም መንገዳቸው አንድ ነው ለማለት አያስችልም። ሪፖርት ስትጽፉ «የፕሪዮን ሞዴል» አትበሉት።

ሌሎች ቀለምንና ነርቭን አብረው የሚነኩ ጂኖች አሉ?

አሉ። ለመማሪያ የሚበጁትን አራት እንውሰድ።

ዳይሉት፦ ጥቁሩ ፀጉር ወደ አመድማ ይለወጣል። ሜላኒኑ አልቀነሰም፤ ማዮሲን 5ኤ የተባለው አጓጓዥ ሞተር ስለተበላሸ ከረጢቶቹ በሜላኖሳይቱ መሀል ይከማቻሉ፣ ወደ ክንዶቹ ጫፍ አይደርሱም። ሞተሩ ጨርሶ ሲጠፋ ግልገሉ በሁለተኛው ሳምንት አንገቱን ወደ ኋላ እየቀለበሰ መንዘፍዘፍ ይጀምርና በ3 ሳምንት ገደማ ይሞታል። በትንሹ አንጎል ውስጥ ያሉት የፐርኪንጄ ሴሎች የካልሲየም ማከማቻቸውን ወደ ቅርንጫፎቻቸው ጥቃቅን እሾሆች ማስገባት ያቅታቸዋል። ከ1909 ጀምሮ በሚራባው ዲቢኤ ዝርያ ላይ ያለው ዳይሉት ግን ዘር ውስጥ በገባ ቫይረስ የመጣ ቀላል ጉዳት ነው፤ ፀጉሩን ያመደዋል እንጂ አይጡን አይገድለውም። ይህንን ንጽጽር ልብ በሉት፦ አንድ ጂን፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ አንጎሎች።

ፔል ትሬመር፦ ስሙ «ገርጣ ተንቀጥቃጭ» እንደማለት ነው። በ2007 ፊግ4 የተባለው ጂን ውስጥ ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶ እንዳበላሸው ታወቀ። ፊግ4 የከረጢቶችን ጉዞ የሚመራ አንድ የስብ ሞለኪውል እንዲኖር ያደርጋል። በዚያው ጥናት የሰው ፊግ4 ሲበላሽ የእጅና የእግር ነርቮችን የሚያመነምን ሻርኮ ማሪ ቱዝ 4ጄ የተባለ በሽታ እንደሚያመጣ ተረጋገጠ። ከአይጥ ፀጉር ተነስቶ እስከ ሰው በሽታ በአንድ ጽሑፍ የተደረሰበት በመሆኑ ለሴሚናር ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህን ነው።

ሞትልድ፦ መዳብ የሚያጓጉዘው ኤቲፒ7ኤ ጂን ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ሲበላሽ የሚመጣ ነው። ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ ያለ መዳብ አይሠራም፤ አንጎልም መዳብ ይፈልጋል። ብሪንድልድ በተባለው ዓይነት ወንዱ ግልገል ገርጥቶ በ2 ሳምንት ገደማ ይሞታል። ሴቷ በአንድ ቅጂ ትኖራለች፤ ፀጉሯ ግን ዝንጉርጉር ነው። የጄኔቲክስ ተመራማሪዋ ሜሪ ላየን በ1961 ሴቶች በየሴላቸው ከሁለቱ ኤክስ አንዱን እንደሚያጠፉ ስትናገር አንዱ ማስረጃዋ እንዲህ ዓይነቱ ዝንጉርጉር ፀጉር ነበር። በሰው ተመሳሳዩ የሜንኪስ በሽታ ነው።

ዲቢኤ/2ጄ፦ ቡናማ ያደረገው ቲአርፒ1 የተባለው የቀለም ጂንና ጂፒኤንኤምቢ የተባለ ሌላ ጂን አብረው ሲበላሹ ከዓይን ብሌን ዙሪያ ቀለም እየተራገፈ የዓይን ውኃ መውጫን ይደፍናል። ግፊቱ ይጨምርና ከ8 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የዓይን ነርቭ ይመነምናል። ግላኮማ ማለት ነው። እዚህ ቀለሙ ራሱ የጉዳቱ አካል ስለሆነ ከላይ «ቀለሙ አይጎዳም» ያልነው ዲቢኤ/2ጄ ዓይን ላይ አይሠራም።

እኛ ጋ ያሉት ነጫጭ አይጦች ናቸው። በነሱ መሥራት እንችላለን?

በአገራችን ቤተ ሙከራዎች የተለመደው ስዊስ አልቢኖ የተባለው ነጭ አይጥ ነው። ቀለምን ለማጥናት ግን አይሆንም። ታይሮሲኔዝ ስለተበላሸ ሜላኒን ጨርሶ አይሠራም፤ ስለዚህ ከሥሩ አጉቲ ይሁን ጥቁር፣ ማሆጋኒ ይሁን ዳይሉት ምንም አይታይም። ነጩ ቀለም ሌሎቹን ሁሉ ይሸፍናል። የተሸፈነውን ለማወቅ ከጥቁር ሲ57ቢኤል/6 ጋር አዳቅሉት፦ ልጆቹ አጉቲ ከሆኑ ነጩ ወላጅ የአጉቲን ቅጂ ተሸክሟል፤ ሁሉም ጥቁር ከሆኑ አልተሸከመም ማለት ይቻላል። ለዚህ መደምደሚያ ቢያንስ 6 ልጅ ያስፈልጋል፤ ወላጁ አንድ የአጉቲ ቅጂ ብቻ ቢኖረው 6ቱም በአጋጣሚ ጥቁር የሚሆኑበት ዕድል ከ64 አንድ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓይን ነው። አንዳንድ የስዊስ መንጋዎች አርዲ1 የተባለውን የዓይን መጋረጃ የሚያጠፋ ሚውቴሽን ይዘዋል፤ ሁለት ቅጂ ያለው አይጥ ጡት ሲጥል ገደማ ዕውር ነው። በውኃ ገንዳ የማስታወስ ፈተና ሲወድቅ «ማስታወስ አቃተው» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ይሆናል።

ጥቁር አይጥ ላይ ማሆጋኖይድ ብናስገባ ይታያል?

ሰውነቱ ላይ አይታይም። ጥቁሩ አይጥ አጉቲ የለውም፤ ማሆጋኒም ማሆጋኖይድም የሚታዩት የአጉቲን ሥራ ሲያጨናግፉ ነው። በተመሳሳይ ኤምሲ1አር ራሱ ተበላሽቶ ቢጫ የሆነ አይጥ ላይም አይታይም፤ ከነሱ በታች ያለው ቧንቧ ተቆርጧልና። ጉዳቱ አንጎል ውስጥ ግን እንዳለ ነው። ከፀጉር ቀለም ተነስቶ «ይህኛው ጤነኛ ነው» የሚል ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ የሚናገረው አይጡ አጉቲ ወይም በአጉቲ ብዛት ቢጫ ሲሆን ብቻ ነው። በተረፈ ጂኑን በፒሲአር (የተፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል አባዝቶ በሚያሳየው ዘዴ) እዩ።

ስንት ግልገል ያስፈልገናል?

አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላቸው ወላጆች ሲዳቀሉ ከአራት አንዱ ሁለቱም ቅጂ ይበላሽበታል። ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ግልገል የማግኘት ዕድላችሁ 95 በመቶ እንዲሆን 11 ግልገል ያስፈልጋል። ማሆጉኒን በሌለው መስመር ግን ግማሹ ስለሚሞት ጡት ከጣሉት መካከል የሚቀረው ከ7 አንዱ ነው፤ ስለዚህ 20 ግልገል ያስፈልጋል። አንድ እናት በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ትወልዳለች ብትሉ ሦስት ወሊድ ማለት ነው። ለአንጎል ምርመራ በየዕድሜው 6 አይጥና 6 ወንድምና እህት ማወዳደሪያ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከ40 በላይ ግልገል አስቡ።

ቁጥሩን ሁልጊዜ በካይ ስኩዌር (የተገኘውን ከተጠበቀው ጋር በሚያወዳድረው ስሌት) ፈትሹ። ለምሳሌ ጡት ከጣሉ 80 ግልገሎች 20 ተጎጂ ስትጠብቁ 11 ብቻ ብታገኙ ውጤቱ 5.4 ይሆናል፤ ከ3.84 ስለበለጠ የጎደሉት በአጋጣሚ አልጎደሉም። ያኔ የሞቱ ግልገሎችን በየቀኑ ጠዋት መልቀም ጀምሩ፤ እናትየዋ ቀድማችሁ ከበላቻቸው መረጃው አብሮ ይጠፋል።

ጂኑን በፒሲአር ለማየት ደረጃው ምንድን ነው?

ከጆሮ 2 ሚሊ ሜትር ቁራጭ በቂ ነው፤ ቀዳዳው ለመለያ ቁጥርም ያገለግላል። በ75 ማይክሮ ሊትር የ25 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 0.2 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ድብልቅ ውስጥ ክተቱት። በ95 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አሙቁ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ 75 ማይክሮ ሊትር የ40 ሚሊ ሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 5፣ ጨምሩ። ቁራጩ ሙሉ በሙሉ ላይሟሟ ይችላል፤ አትጨነቁ። ከላይ ካለው ፈሳሽ 1 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ በ20 ማይክሮ ሊትር ፒሲአር ውስጥ ክተቱ። 35 ዙር በቂ ነው። ውጤቱን በ2 በመቶ አጋሮዝ ጄል በ100 ቮልት 40 ደቂቃ ያህል አሂዱት።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በውኃ ገንዳ 95 ዲግሪ ልታገኙ አትችሉም፤ ገንዳው ዝም ብሎ ይፈላል። ማሞቂያ ብሎክ ወይም ክዳኑ የሚሞቅ የፒሲአር ማሽን ተጠቀሙ፤ የቱቦው ክዳን ካልጠበቀ በእንፋሎት ተፈናጥሮ ይከፈትና አንዱ ናሙና ሌላውን ይበክላል። አጋሮዝ ስታቀልጡም ከመጽሐፉ ቀድሞ ይገነፍላል። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያው) ላይም ይኸው ነው፦ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ቢያሳይም ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 መድረሱን በቴርሞሜትሩ አረጋግጡ።

ባንድ (ጄሉ ላይ የሚታየው የዲኤንኤ መስመር) ካልወጣ በአብዛኛው ጥፋቱ ከሦስት አንዱ ነው። ቁራጩ በዝቷል ወይም ደም አለበት፤ ፈሳሹን 5 እጥፍ አቅጥኑት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ አርጅቶ ከአየር ጋር ተዋሕዷል፤ አዲስ በጥብጡ። ወይም ትሪስ ተረስቷል፤ ያኔ ፒሲአሩ በአልካሊው ይሞታል። ሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት ባንድ ካሳየ ግን ደስ አይበላችሁ። ውኃ ብቻ ያለበትን ቱቦ እዩ፤ እሱም ባንድ ካለው ብክለት ነው። በየጄሉ ከታወቀ ጤነኛ፣ ከታወቀ ተሸካሚና ከታወቀ ተጎጂ አንድ አንድ ይግቡ።

መብራት በፒሲአሩ መሀል ቢጠፋ ያንን ፕሌት ጣሉት፤ ሲመለስ ካቆመበት መቀጠል የማይታመን ባንድ ይሰጣል።

ጉድጓዱ እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የስፖንጅ ጉዳት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአይጡ ሳይሆን በአንጎሉ አያያዝ ነው። በማደንዘዣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ያለውን አይጥ በልቡ በኩል መጀመሪያ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ቅዝቃዜ ያለው የጨው ውኃ፣ ቀጥሎ 40 ሚሊ ሊትር 4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ አሳልፉ። ጉበቱ ገርጥቶ አንገቱ ሲደርቅ በትክክል ገብቷል። አንጎሉን አውጥታችሁ በዚያው ፈሳሽ በ4 ዲግሪ 24 ሰዓት አቆዩት፤ ከዚያ በፓራፊን አስገቡና 5 ማይክሮን እየቆረጣችሁ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ቀልሙ።

የሐሰት ጉድጓድ ዋና መንስኤ አንጎሉን በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ ቅዳሜና እሑድን ማሳለፍ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሥራ መጀመር ልማዱ ስለሆነ ነው ደጋግመን የምንጠቅሰው፤ ሰኞ ጀምሩ። የሐሰቱ ጉድጓድ ነጩን ክፍል ይወዳል፣ በማወዳደሪያው ጤነኛ አይጥም ላይ ይታያል፣ ዕድሜንም አይከተልም። እውነተኛው ግራጫውን ክፍል ይይዛል፣ ክብና ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ በ2 ወር ጥቂት ሆኖ በ12 ወር ይበዛል። ስለዚህ ተጎጂውና ጤነኛው ወንድሙ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቅርጫት ይለፉ። የሚቆጥረው ሰው ደግሞ ስላይዱ የየትኛው አይጥ እንደሆነ ማወቅ የለበትም።

እንቅስቃሴያቸውን እንዴት እንለካ?

የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ከደቂቃ 4 ዙር ወደ 40 ዙር በ300 ሰከንድ እያፈጠናችሁ የወደቀበትን ሰዓት መዝግቡ። በቀን 3 ጊዜ፣ በመካከሉ 15 ደቂቃ እረፍት፣ ለ3 ተከታታይ ቀናት። ክፍሉ ውስጥ 30 ደቂቃ ይልመዱ። ክብደታቸውን የግድ መዝኑ፦ ቢጫው ወፍራም አይጥ የሚወድቀው ነርቩ ተጎድቶ ሳይሆን ከብዶት ሊሆን ይችላል፤ ማሆጋኒ የተጨመረበት ቢጫ ደግሞ ውፍረቱ ስለሚቀንስ ያለ ክብደት መረጃ «ተሻለው» ትላላችሁ። ክብደቱ በ20 በመቶ የቀነሰ ወይም ምግብ መድረስ ያቃተው አይጥ ሙከራው ያብቃለት። ይህ ገደብ ሥራው ሳይጀመር ለሥነ ምግባር ኮሚቴ በሚቀርበው ሰነድ ላይ ይጻፍ።

ለማርባት የሐዋሳ አየር ይስማማል?

ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀትና ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ነው የሚፈለገው፤ በደረቁ ወራት ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል መለኪያው ጎጆው አጠገብ ይሁን። መብራትና ጨለማው 12 ለ 12 በሰዓት ቆጣሪ ይሂድ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቆጣሪው ቀኑን ያዛባዋል፤ በየማለዳው እዩት።

መኝታ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ከአናጺ ቤት የሚመጣ የጥድ ፍልጥ በጠረኑ የጉበት ኢንዛይሞችን ያነሳሳል፤ መድኃኒት በምትሞክሩበት አይጥ ላይ ውጤቱን ይለውጣል። ሽታ የሌለውና በምድጃ የደረቀ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ወይም የተቆራረጠ ነጭ ወረቀት ይሻላል። በቆሎና ኦቾሎኒ ያለበትን መኖ ሻጋታ ካያችሁበት ጣሉት፤ አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ የታመመ ጉበት ያለው አይጥም መንቀሳቀስ ያቅተዋል።

ሁሉም ሲ57ቢኤል/6 አንድ ነው?

አይደለም፤ ለነርቭ ጥናት ደግሞ ልዩነቱ ከባድ ነው። ሲ57ቢኤል/6ጄኦላኤችኤስዲ የተባለው ንዑስ መስመር ከፓርኪንሰን ጋር የተያያዘው የአልፋ ሲኑክሊን ጂን ጨርሶ የለውም፤ ይህ በ2001 ታውቋል። በጃክሰን ላቦራቶሪ የሚራባው ሲ57ቢኤል/6ጄ፣ ኤንኤንቲ የተባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ላይ ጉድለት አለው፤ 6ኤን የተባለው መስመር ግን ይህ ጉድለት የለበትም። ሦስቱም እኩል ጥቁር ናቸው። ስለዚህ ማወዳደሪያ አይጥ ከሌላ ቦታ አትግዙ፤ ከአንድ እናት የተወለደው ወንድሙ ነው ትክክለኛው።

ሽበት ወይም ቀይ ፀጉር የአንጎል በሽታ ምልክት ነው?

ሽበት አይደለም። የቀለም ሴሎች በፀጉር ሥር እያለቁ ሲሄዱ ይመጣል። ቀይ ፀጉርም በራሱ የምንም በሽታ ምርመራ አይሆንም። አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የተባለውን ክፍል የሚያጠቁረው ኒውሮሜላኒን ከፀጉር ሜላኒን የተለየ ነው፤ አልቢኖ ሰዎችም አላቸው። አይጥ ውስጥ ግን ይህ ቀለም የለም ለማለት የሚያስደፍር ያህል ትንሽ ነው። የፓርኪንሰንን ጉዳይ በአይጥ ቀለም ለማስረዳት የሚሞክር ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ፀጉር ቀለም ከነርቭ ጋር በግልጽ የሚያያዝባቸው ሰዎች አሉ። በግሪሴሊ በሽታ ዓይነት 1 የተያዙ ልጆች ብርማ ፀጉር አላቸው፣ ማዮሲን 5ኤ ስለተበላሸባቸውም ከባድ የነርቭ ችግር ይገጥማቸዋል። በዓረብ ፈረሶች የሚወለደው ገርጣ ግልገል፣ መቆም አቅቶት የሚሞተው፣ ጉድለቱ በዚያው ጂን ነው።

አይጥ የለንም። ምን መጀመር እንችላለን?

የአይጥ ጂኖም ኢንፎርማቲክስ የተባለው የመረጃ ቋት በነፃ ክፍት ነው። «ኤምጂአርኤን1» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ፤ የታወቁትን አሌሎች (የጂኑን ልዩ ልዩ ዓይነቶች)፣ እያንዳንዱ በምን ዝርያ ላይ እንደተጠና፣ ቀለሙንና የአንጎሉን ጉዳት ለየብቻ ያሳያል። ከዚያ ኤንሴምብል በተባለው የጂን መረጃ ድረ ገጽ ላይ የአይጡንና የሰውን ፕሮቲን አሰልፉ፣ ሚውቴሽኑ ያረፈበት ቦታ ሁለቱም ጋ አንድ መሆኑን እዩ። በአለን የአንጎል አትላስ ጂኑ በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ተመልከቱና ጉድጓድ ከሚታይባቸው ክፍሎች ጋር አነጻጽሩ። በመጨረሻ ለፒሲአር የሚሆኑ ሁለት ፕራይመሮች (ማባዛቱ የሚነሳባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች)፣ ርዝመታቸው 20 ፊደል አካባቢ፣ የሚቀልጡበት ሙቀት 60 ዲግሪ አካባቢና በሁለቱ መካከል ከ2 ዲግሪ የማይበልጥ ልዩነት ያላቸው፣ ንደፉ። ይህን አራት ነገር የጨረሰ ቡድን ለአይጥ የሚያቀርበው ጥያቄ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ዝርያ ላይ እንደሚታይና ስንት ግልገል እንደሚፈልግ በወረቀት ላይ አስፍሮ ማቅረብ ይችላል።